ጠሪው ማን ነው?

መስማት የተሳነው ሰው ክንዱ ላይ የሚያስረው፣ ድምፅ በመጣ ቁጥር የሚነዝር አምባር ቢሠራለት ያ ሰው ሰማ ይባላል? ጥያቄው ለመሐንዲሱ ትርፍ፣ አምባሩን ለሚጠብቀው ሰው ደግሞ የማይበላ የማይጠጣ ሊመስል ይችላል። ሆኖም መሣሪያውን የሚነድፈው ሰው የመጀመሪያውን ሞተር ሳይገጥም ለጥያቄው መልስ ሰጥቷል። አምባሩ ለየትኛው ድምፅ እንዲነዝር፣ ለየትኛው ዝም እንዲል ሲወስን እጁን የሚመራው መስማት ማለት ይህ ነው ብሎ በልቡ ያስቀመጠው ሐሳብ ነው። ሐሳቡ የተሳሳተ ከሆነ ባትሪው የቱንም ያህል ቢቆይ፣ ማይክሮፎኑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ስሕተቱን አያቃናውም። ስለዚህ ከሽቦው በፊት ሐሳቡን መመርመር ይገባል፤ ለምርመራውም ከጎንደር ፒያሳ የተሻለ መፈተኛ ማግኘት ያስቸግራል። ከፋሲል ግቢ አጥር ጥቂት ርምጃ ብቻ በሚርቀው በዚህ ጠባብ ስፍራ የባጃጅ ክላክስ፣ የታክሲ ረዳት ጥሪ፣ የሱቅ ሙዚቃ፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያና አዛን በአንድ አየር ላይ ይገናኛሉ። በጸጥተኛ ክፍል ውስጥ ተሳክቶለት እዚህ የማይሳካለት መሣሪያ ለዚህ አገር ሰው ገና አልተሠራም።

መስማትን በአካሉ ብንፈታው ነገሩ ቶሎ ያልቃል። መስማት የጆሮ ሥራ ነው፤ ቆዳ ጆሮ አይደለም፤ እንግዲህ አምባሩ የሚሰጠው መነካትን እንጂ መስማትን አይደለም። ይህ ፍቺ ግን ጆሮን ጠጋ ብለን ስናየው ይላላል። የድምፅ ሞገድ የጆሮን ታምቡር ይመታል፤ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ምቱን ወደ ውስጥ ያቀብላሉ፤ በፈሳሽ በተሞላው ጥምዝ ክፍል ውስጥ ያሉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይጎነበሳሉ፤ ወደ አእምሮ የሚላከው መልእክት የሚነሣው ከዚህ መጎንበስ ነው። ስለዚህ ጆሮም በመሠረቱ የሚነካ አካል ነው፤ ከቆዳ የሚለየው በንክኪው ረቂቅነት ነው። ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ እ.ኤ.አ. በ1961 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሞገድ በውስጥ ጆሮ እንዴት እንደሚጓዝ ስላሳየ ነበር። ይኸው ሰው ውኃ የሞላበት የጆሮ አምሳያ ሠርቶ የሰው ክንድ አስደግፎበታል፤ ድምፁ ሲቀጥንና ሲወፍር ንዝረቱ የሚሰማበት የክንድ ቦታም አብሮ ይለዋወጥ ነበር። የጎንደር ሰው ለዚህ የላቦራቶሪ ማስረጃ አያስፈልገውም። በበዓል ቀን ከበሮ ሲመታ አጠገቡ የቆመ ሰው ምቱን በጆሮው ብቻ አይቀበለውም፤ ደረቱም ይቀበለዋል። በጎንደር በአታ አቋቋም የሚያስመሰክር ተማሪም ዜማውን ከመቋሚያው እንቅስቃሴ፣ ከጽናጽሉ፣ ከከበሮው ምትና ከእግሩ ርምጃ ነጥሎ አይማረውም። በጆሮና በአካል መካከል የምናሰምረው መስመር ከምናስበው በላይ ደብዛዛ ነው። ይሁን እንጂ መስመሩን ጨርሶ አጥፍተን መስማት ማለት የሚንቀጠቀጥ አየርን መቀበል ነው ብንል ወሰኑ ያለ ልክ ይሰፋል፤ ከባድ መኪና ሲያልፍ የሚርገበገብ የመስኮት መስታወትም ሰሚ ሊባል ነው።

የሚቀረው፣ መስማት ለሰው ምን ያደርግለታል ብሎ መጠየቅ ነው። ዐይን ቆብ አለው፤ ጆሮ የለውም። ዐይን የዞረበትን ብቻ ያያል፤ ጆሮ ከኋላ፣ ከግድግዳ ማዶ፣ ከጨለማ፣ በእንቅልፍ ውስጥ ሳይቀር ይቀበላል። እንግዲህ መስማት ከሁሉ አስቀድሞ፣ ወደ ሌላው ያልዞረ ሰው በሌላው የሚገኝበት መንገድ ነው። በዳባትና በደባርቅ ደጋ እናት ከሸንተረሩ ማዶ ከብት የሚጠብቀውን ልጇን ስትጣራ ነፋሱ ቃሉን ቢቆራርጠውም ልጁ መጠራቱን ያውቃል። ከተማ ውስጥ ደጅ የደረሰ እንግዳ «ቤቶች!» ሲል የሚያስተላልፈው መረጃ ከቁጥር አይገባም፤ የሚሠራው ሥራ ግን ትልቅ ነው፤ እቤት ያለውን ሰው ተፈላጊ ያደርገዋል። የመስማት ጉዳትን የመረጃ እጦት ብቻ አድርጎ የሚያይ ሰው ጽሑፍና ስክሪን ይበቃል ሊል ይችላል። ጽሑፍ ግን ሊያነብብ ለዞረ ሰው ነው፤ ጥሪ ገና ላልዞረው። ይህን ስል መስማት የተሳናቸው ሰዎች የማይጠሩ ናቸው ማለቴ አይደለም። እርስ በርስ የሚጠራሩበት የታወቀ ሥርዓት አላቸው፤ ትከሻ መታ ያደርጋሉ፣ የእንጨት ወለል በእግራቸው ይመታሉ፣ መብራት ያጠፋሉ፣ ያበራሉ። ይህ ሥርዓት ከማንኛውም አምባር ቀድሞ ቆዳን የጥሪ መቀበያ አድርጎታል፤ አምባሩ የሌለው አንድ ነገርም አለው። ትከሻው የተነካ ሰው ሲዞር ፊት ያያል፤ ንክኪው ባለቤት አለው። ክንዱ የነዘረበት ሰው ግን ቢዞር የሚያገኘው መንገዱን፣ ሕዝቡንና ወዲህ ወዲያ የሚሉትን ባጃጆች ነው፤ ከእነዚህ ሁሉ የቱ እንደፈለገው አያውቅም። የመሣሪያውን ጠቅላላ ጉዳይ የማየው በዚህ ልዩነት በኩል ነው። ጠሪው የማይታወቅ ጥሪ ሰውን ያስደነግጠዋል እንጂ ከሰው ጋር አያገናኘውም።

አሁን ወደ ቆዳው አቅም እንምጣ፤ ተስፋውም ሆነ ተስፋ መቁረጡ በቁጥር ካልተገታ ልቅ ይሆናልና። የጤነኛ ወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ይቀበላል። ቆዳ ከ1,000 ሄርዝ በላይ ያለውን ንዝረት ከሞላ ጎደል አያውቀውም፤ ይበልጥ ንቁ የሚሆነው በ250 ሄርዝ አካባቢ ነው። የከበሮ ምት፣ የሰው ጉሮሮ መሠረታዊ ንዝረት፣ በ400 ሄርዝ አካባቢ የሚጮኽ ክላክስ በዚህ ክልል ይገባሉ፤ «ሰ»ን «ሰ» የሚያሰኘው በሺዎች ሄርዝ የሚቆጠር ፉጨት ግን አይገባም። በቦታም ቢሆን የጣት ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ያህል የተራራቁ ሁለት ነጥቦችን ሲለይ ክንድ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አምባሩ ላይ ሞተር ማብዛት መልእክት ማብዛት አይሆንም። ይህ ጠባብነት ዛሬ የታወቀ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ሮበርት ጎልት በ1920ዎቹ ንግግርን በጣት ቆዳ ለማስተላለፍ ሲደክም ኖሯል፤ ኖርበርት ዊነርም በ1940ዎቹ መጨረሻ በኤም አይ ቲ የመስሚያ ጓንት ለመሥራት ሞክሯል። ከዚያ ወዲህ ሞተሩ አንሷል፣ ኮምፒዩተሩ ፈጥኗል፤ ቆዳው ግን ያው ቆዳ ነው። ስለዚህ ከፒያሳ ድምፅ አብዛኛው መቅረቱ ግድ ነው። የሚያልፈውን ማን ይምረጥ?

አንደኛው መልስ ማሽኑ ይምረጥ የሚል ነው። ከ2020 ጀምሮ የጉግልና የአፕል ስልኮች አካባቢያቸውን እያዳመጡ የጭስ ማስጠንቀቂያን፣ የበር ደወልን፣ የውሻ ጩኸትን፣ የሕፃን ልቅሶን ለይተው በንዝረት ማሳወቅ ይችላሉ። ሌሊት የሚያለቅስ ሕፃን ላላት መስማት የተሳናት እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማንም ሊያናንቅባት አይገባም። ነገር ግን ዝርዝሩን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው በምን ዓይነት ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንደተጻፈ ይረዳል። ደጃፉ ላይ ደወል፣ ጣሪያው ላይ የጭስ ማስጠንቀቂያ የሌለው ቤት ለዝርዝሩ እንግዳ ነው። «ቤቶች!» እዚያ ውስጥ የለም፤ ጎረቤት ለቡና ሲጠራ የለም፤ «አዘዞ! አዘዞ!» የሚለው ረዳትም የለም። ይጨመሩ ቢባል መልካም ነው፤ ሊጨመሩም ይችላሉ። ችግሩ ግን ዝርዝሩን በማስረዘም አይፈታም፤ ምክንያቱም ዝርዝር ሁሉ የአንድ ሰው ፍርድ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ሌላው ምን ሊያውቅ እንደሚገባው አስቀድሞ ፈርዷል። እዚህ ላይ መሣሪያው ከራሱ ጋር ይጋጫል። አምባሩ አጥብቆ በመረጠ ቁጥር ይበልጥ ይጠቅማል፤ በጠቀመ ቁጥር ባለቤቱ ይበልጥ ያምነዋል፤ ባመነው ቁጥር ደግሞ ያልተመረጠለት ነገር መኖሩን የሚጠረጥርበት ምክንያት ያንሳል። አምባሩ ያልነዘረለት ጥሪ ለእርሱ ከቶ ያልተሰማ ጥሪ ነው።

የሚሰማውስ ሰው ቢሆን ሁሉን ይሰማል ወይ ብሎ የሚሞግት ይኖራል፤ ሙግቱም ተገቢ ነው። አይሰማም። ኔቪል ሞሬይ በ1959 ባሳተመው ሙከራ፣ በአንድ ጆሯቸው የሚመጣውን ንግግር ብቻ እንዲከታተሉ የታዘዙ ሰዎች በሌላው ጆሯቸው የተነገረውን ከሞላ ጎደል አያስታውሱትም ነበር፤ የገዛ ስማቸው ሲጠራ ግን ከሦስቱ አንዱ ያህል ነቅተዋል። ስለዚህ ማጣራት የመስማት ጠላት አይደለም፤ የመስማት አንዱ ወገን ነው። ወንፊቱ ግን የሰሚው የራሱ ነው። ጉድጓዶቹን ያጠበባቸውና ያሰፋቸው ሕይወቱ ነው፤ ልጅ የወለደች ሴት ከወለደችበት ሌሊት ጀምሮ ወንፊቷ ሌላ ይሆናል፤ ለዚህም ፈቃድ የሚጠይቅባት የለም። የማሽኑ ወንፊት ሩቅ አገር ተሠርቶ የመጣ ነው፤ ፋብሪካው ካላደሰው ሕይወት አያድሰውም። በእኔ አስተያየት በደሉ ያለው በማጣራቱ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው መልስ፣ ማሽኑ አይምረጥ፤ የድምፁን ጉልበት፣ ርዝመት፣ ቅጥነትና ውፍረት ወደ ቆዳው ይልቀቅ፤ የቀረውን አእምሮ ይማረዋል የሚል ነው። ዴቪድ ኢግልማንና ባልደረቦቹ መጀመሪያ የሠሩት የሚለበስ ሰደርያ፣ በኋላም አራት ሞተር ያለው አምባር በዚህ እምነት ላይ የቆሙ ናቸው። የእምነቱ ሥር ፖል ባክ ኢ ሪታ በ1969 ያሳተመው ሥራ ነው፤ የካሜራ ምስልን ወደ 400 የሚነዝሩ ነጥቦች ለውጦ በወንበር መደገፊያ በኩል በዐይነ ስውራን ጀርባ ላይ አሳረፈው። ሰዎቹ ከልምምድ በኋላ ዕቃዎችን፣ ፊትንም ጭምር መለየት ቻሉ። ከዚህ ሙከራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው አእምሮ ተማሪ ነው የሚለው ነው። ለእኔ የሚበልጠው ሌላው ውጤት ነው። ካሜራውን በገዛ እጃቸው ያንቀሳቀሱት ሰዎች ነገሩን ጀርባቸው ላይ ሳይሆን ከፊታቸው፣ ከውጭ በኩል አገኙት፤ ካሜራው ቆሞ ምስሉ እንዲሁ ሲቀርብላቸው ግን የሚሰማቸው የጀርባ መኮርኮር ብቻ ነበር። ንዝረትን ዓለም የሚያደርገው ብዛቱ አይደለም፤ ተቀባዩ ዞር ብሎ፣ ጠጋ ብሎ፣ ራቅ ብሎ ሲመረምረው ንዝረቱ አብሮት መለወጡ ነው። ምንም የማያደርግ ሰው የሚቀበለው ንክኪን ብቻ ነው፤ የሚመረምር ሰው ግን ነገሩን ያገኛል።

ጥሬው ንዝረት ለአማርኛ ተናጋሪ አንድ የተለየ ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ስለማይነሣ ጥቂት ልቆይበት። አድጎ መስማት የተሳነው፣ አማርኛን ግን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚተማመነው ከንፈር በማንበብ ነው። ከንፈር ደግሞ ብዙ ይደብቃል። «በ»፣ «መ»ና «ፐ» ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ «ከ»ና «ቀ» የሚሠሩት ዐይን በማይደርስበት በአፍ ጀርባ ነው፤ ላልቶ የሚነበበውን «ገና» ጠብቆ ከሚነበበው «ገና» የሚለየው ርዝመት ከንፈር ላይ እምብዛም አይታይም፤ ፊደላችንም አያሳየውም። ቆዳ ቅጥነትንና ውፍረትን በመለየት ደካማ ይሁን እንጂ በጊዜ ላይ ብርቱ ነው፤ በሺህኛ ሰከንድ ቤት አሥር ያህል የምትሆን ክፍተትን ሊለይ ይችላል። የመጥበቅና የመላላት ልዩነት ከዚህ የሰፋ ነው። ጉሮሮ መንዘሩና አለመንዘሩም እንዲሁ በክንድ ላይ ሊመጣ ይችላል፤ «ተ»ን ከ«ደ» የሚለየውም ይኸው ነው። በንዝረት የሚረዱ የመስሚያ መሣሪያዎች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ሲፈተኑ የታየው ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ቆዳ ብቻውን ንግግርን መከተል ይከብደዋል፤ ከንፈር ከሚያነብብ ዐይን ጋር ሲደመር ግን ሁለቱ ከዐይን ብቻ ይበልጣሉ። እንግዲህ ለዚህ ሰው አምባሩ ሙሉ ንግግርን መሸከም የለበትም፤ ዐይኑ የጎደለውን ብቻ ይሙላለት። ይህ ሁሉ ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለሚደረግ ጨዋታ ነው። ፒያሳ ላይ የባጃጅ ሞተር ያለማቋረጥ በሚያጓራበት ስፍራ ጥሬው ንዝረት ሁሉን ይውጠዋል፤ ያለማቋረጥ የሚነዝርን ነገር ደግሞ ቆዳ ይረሳዋል። ሰዓት ያሰረ ሰው ማሰሩን የሚረሳው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የመረጠው ይመራል፤ ያልመረጠው ያሰጥማል። ከሁለቱ መውጫው መሐል መንገድ መያዝ ነው አልልም። የጥያቄውን አቅጣጫ ነው መቀየር የሚያስፈልገው። የድምፁን ማንነት ከማስተላለፍ በፊት የመጣበትን ወገን ማስተላለፍ ይቀድማል። በአንድ ክንድ ፈንታ በሁለቱ ክንዶች ላይ አንዳንድ አምባር ይታሰር፤ ድምፁ ከግራ ሲመጣ የግራው ይበርታ። ሰውየው ሲዞር ልዩነቱ ይጠብባል፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ጠሪው ወይ ከፊቱ ወይ ከኋላው ነው፤ ይህን ዐይኑ ይፈርዳል። እንዲህ ያለው አምባር ስለ ክላክስ፣ ስለ ውሻ፣ ስለ ሰው ድምፅ ምንም ባያውቅ እንኳ ባለቤቱን ወደ ጠሪው ፊት ይመልሰዋል፤ የትከሻ ንክኪን ባለቤት መልሶ ያመጣል። ካሜራውን በእጃቸው የያዙት ዐይነ ስውራን ያገኙትን ነገር ይህ ሰው በገዛ አካሉ መዞር ያገኘዋል። ስያሜው ከዚያ በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ እርሱም በባለቤቱ አስተማሪነት ይሁን። የእናቱን ድምፅ፣ የሠፈሩን «ቤቶች!»፣ የሥራ ባልደረባውን ፉጨት እርሱ ራሱ ለአምባሩ ያሰማው፤ ሲሰለቸውም ይሰርዘው። ወንፊቱ ሕይወቱን ተከትሎ የሚለወጠው ያን ጊዜ ነው።

አምባሩ ማጥፊያ ይኑረው ወይስ አይኑረው የሚለው ከሁሉ ይልቅ ያመራምረኛል። ጆሮ ቆብ የለውም ብያለሁ፤ የመስማትንም ጸጋ እዚያ ላይ አኑሬዋለሁ። እንግዲህ የሚጠፋ አምባር ያን ጸጋ ያጣ አይደለም ወይ? አንድ ሰው በፈለገ ጊዜ ብቻ የሚደርስበት ጥሪ፣ ጥሪ ነው ወይስ የራሱ ምርጫ ማስተጋባት? ለዚህ ሙሉ መልስ አለኝ አልልም፤ ወደ አንዱ ወገን ግን አደላለሁ። ጥሪን ከትእዛዝ የሚለየው እምቢ ሊባል መቻሉ ነው። የሚሰማ ሰው ጆሮውን መዝጋት ባይችልም አልሰማሁም ብሎ ዝም ማለት ይችላል፤ ነጻነቱ በመልሱ ውስጥ አለ። ሊወልቅ የማይችል አምባር ያደረገ ሰው ግን በሥጋው ላይ ሌሎች እንዳሻቸው የሚያንኳኩበት ይሆናል። ማጥፊያው ይኑር፤ መዝጋቱም መክፈቱም ክንዱ የእርሱ ለሆነው ሰው ይተው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ከራሳቸው መስማት ከተሳናቸው ሰዎች የሚመጣው ነው። እኛ ቋንቋ አለን ይላሉ፤ በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ ፊደሉ ሳይቀር የእጅ ቅርፅ ተነባቢውን፣ የእጅ እንቅስቃሴ ሰባቱን ድምፆች እንዲይዙ ተደርጎ የራሳችንን ሥርዓተ ጽሕፈት ይከተላል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል። ታዲያ ጎደለ የምትሉት ምኑ ነው? አምባሩስ እኛን ወደ እናንተ ዓለም ለመጎተት ከተሠሩት ብዙ ገመዶች አንዱ አይደለም ወይ? ተቃውሞው በአንድ ወገን ፍጹም እውነት ነው። አምባር ቋንቋ አይሰጥም። በገጠር የምልክት ቋንቋ የሚያስተምረው ሳያገኝ ከቤተሰቡ ጋር በጥቂት የእጅ ምልክቶች ብቻ ለሚያድግ ሕፃን አምባር አስሮ ቋንቋ መንፈግ፣ ለመጠራት አብቅቶ መልስ መስጫ ማሳጣት ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ አምባሩን ከቋንቋው የሚያስቀድም እቅድ ካለ እቃወመዋለሁ። ነገር ግን ተቃውሞው መጠራት የሰሚዎች ንብረት ነው ብሎ እንደተቀበለ ልብ ይሏል። ትከሻ መታ የሚያደርጉት፣ ወለል የሚመቱት እነርሱው ናቸው፤ በንክኪ መጠራራትን ከሰሚ አልተዋሱትም። ከሸንተረር ማዶ ወይም ከመንገድ ማዶ ሆኖ ትከሻ መንካት ቢቻል ኖሮ ያደርጉት ነበር። አምባሩ ያንን ክንድ ቢያስረዝም ሰሚ አያደርጋቸውም፤ በገዛ ሥርዓታቸው ከሩቅ እንዲጠራሩ ያደርጋቸዋል። እንዲያውም ከማይክሮፎኑ ይልቅ በሁለት አምባሮች መካከል የሚሄደው ንክኪ ይቅደም የሚል ሐሳብ ከእነርሱ ቢመጣ አይደንቀኝም።

ሁለተኛውን ተቃውሞ ድኅነት ያነሣዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ሪፖርት ከ430 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የመስማት ተሐድሶ ያስፈልጋቸዋል፤ ከእነዚህም ወደ 80 በመቶ የሚጠጉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ይኖራሉ። በማጅራት ገትር፣ ባልታከመ የጆሮ ምግልና ጆሮን በሚጎዱ መድኃኒቶች የሚመጣውን መከላከል ይቀድማል ቢባል አልከራከርም። ነገር ግን ሞተሯ ከስልክ ንዝረት ሞተር የማትለይ፣ ማይክሮፎኗም ተራ የሆነች አምባር የቅንጦት ዕቃ አይደለችም። ከዋጋዋ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሸክሙን ወዴት እንደምታዞር ነው። አምባር ያሰረ ሰው እየበዛ ሲሄድ የባጃጁ ሾፌር «ክላክስ አድርጌያለሁ፣ አምባሩ አልነገረውም?» የሚልበት ቀን ሊመጣ ይችላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አካባቢው ለሁሉም ተደራሽ እንዲሆን ግዴታ ይጥላል እንጂ ሰው ብቻ ለአካባቢው እንዲመች አያዝዝም። ዝግ ብሎ መንዳት፣ ዐይን ለዐይን መተያየት፣ ጥቂት የእጅ ምልክት መማር የሚሰማው ሰው ዕዳ ሆነው ይቀጥላሉ፤ አምባሩ ከዚህ ዕዳ ላይ ሳንቲም አይቀንስም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአካል ጉዳት ላይ ሲሠራ የቆየ፣ የሕክምናና የምሕንድስና ተማሪዎች በአንድ ከተማ የሚገኙበት ተቋም ስለሆነ እንዲህ ያለው አምባር እዚህ ቢነደፍ የሚያስገርም አይሆንም። ቢነደፍ መለኪያው ላይ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። አምባሩ ከመቶ ድምፅ ስንቱን በትክክል ለየ የሚለው መለኪያ ለላቦራቶሪ ይመቻል፤ ለማተምም ይቀላል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ መስማት የተሳነው ሰው አምባሩን አስሮ ፒያሳን ሲያቋርጥ ስንት ጊዜ ዞረ፣ ከዞረባቸውስ ስንት ጊዜ የጠራውን ሰው አገኘ? ቆጣሪው፣ ዝርዝሩን የሚያርመው፣ ይብቃ ይቀጥል የሚለውም ያው አምባሩን ያሰረው ሰው ይሁን።